ትምህርቱ ለማን ይቆጠራል?

ዕውቀት እንደ ማናቸውም የሰው ልጅ የሥራ ፍሬ ጊዜን ይጠይቃል። ጊዜ ደግሞ ለሁሉም እኩል አልተደለደለም። ቀኑ ለባለሀብቱም ለሠራተኛውም 24 ሰዓት መሆኑ እውነት ነው። ዳሩ ግን አንዱ በሰዓቱ ላይ ሲያዝ ሌላው በፈረቃ ሠሌዳ እስከ ታዘዘ ድረስ፣ ከሁለቱ ቤት ለሚወጡት ልጆች ለትምህርት የሚተርፈው ጊዜ አንድ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የትምህርት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር «ልጆቻችን ምን ይማሩ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። በማን ጊዜ ይማራሉ? በማን ወጪ? የለፉበትስ ለማን ይቆጠራል? የሚሉት ጥያቄዎች አብረው መነሣት ይኖርባቸዋል።

ይህን ሐተታ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በሱሉልታ ያጋጠመን አንድ ጥያቄ ነው።

እንጦጦን ተሻግሮ የጎጃምን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ሱሉልታን ያገኛታል። ከተማዋ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላለች። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተንጣለለው ሜዳዋ ለአዲስ አበባ ወተትና ድርቆሽ ሲያቀርብ ኖሯል። ዛሬ በዚያው ሜዳ ላይ በማለዳ አትሌቶች ይሮጣሉ፤ ውኃ የሚያሽጉና ሌላም ምርት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ቆመዋል፤ በፈረቃ የሚገባና የሚወጣ ሠራተኛ መንገዱን ይሞላዋል።

ከእነዚህ ሠራተኞች የአንዱን ቤት ጎበኘን። አባት በውኃ ማሸጊያ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ናቸው። ራሳቸው በማታ ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል ተምረዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በቤቷ በኦሮምኛ፣ በገበያ በአማርኛ፣ በክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የምትሠራ ልጅ ናት። በቤቱ ኢንተርኔት የሚይዝ ስልክ አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም የአባት ነው። ልጅቱ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው በ10 ሰዓት ነው፤ አባት ስልካቸውን ይዘው ወደ ፋብሪካ የሚወጡት ደግሞ በ12 ሰዓት። በእነዚህ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ውኃ ቀድታ፣ ታናናሾቿን አይታ፣ በምትቀራት ጊዜ በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት ወራት ፈጅታ አጠናቀቀች። የምስክር ወረቀቷ በፎቶ ኮፒ ቤት ታትሞ፣ ግድግዳው ላይ ከቤተሰቡ ፎቶግራፍ ጎን ተሰቅሏል።

አባት ወረቀቱን እያሳዩን፣ «ልጄ ይህን ያገኘችው በእንቅልፏ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ይቆጠርላታል ወይ?» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር። ነገር ግን መልሱን ስንፈልግ የአገራችንን የትምህርት ጉዞ ከሥሩ መመርመር ግድ ሆነብን።

የተማሪው የሰዓት ካርድ

በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ «ክሬዲት» የሚባለው ነገር ለብዙ ወላጅ ግልጽ አይደለም። ነገሩ ግን ለሠራተኛ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ክሬዲት ማለት የተማሪው የሰዓት ካርድ ነው። ተማሪው በአንድ ትምህርት ላይ ያፈሰሰው የሥራ ሰዓት ተለክቶ፣ በፈተና ተረጋግጦ፣ በመዝገብ ላይ ይሰፍርለታል። ለዲግሪ የሚያስፈልገው ድምር ሲሞላ ይመረቃል። በአሜሪካ ይህ አለካክ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ከተስፋፋበት ምክንያት አንዱ የካርኔጊ ፋውንዴሽን ለኮሌጅ መምህራን ያቋቋመው የጡረታ አበል ነበር። ኮሌጆች መምህሮቻቸው የአበሉ ተጠቃሚ እንዲሆኑ ትምህርትን በወጥ የሰዓት መለኪያ መስፈር ነበረባቸው። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎችም ከአውሮፓ በተወሰደ መለኪያ ሠርተዋል፤ በዚህ መለኪያ አንድ ነጥብ ከ25 እስከ 30 የሚደርስ የተማሪ የሥራ ሰዓትን ይወክላል።

ሠርቶ ሰዓቱ ያልተመዘገበለት ሠራተኛ ምን እንደሚሰማው አንባብያን በሚገባ ያውቃሉ። የሱሉልታው አባት ጥያቄም በመሠረቱ ይኸው ነው። ልጃቸው ሠርታለች፤ ሰዓቷ ግን የት ተመዘገበ?

በሌሎች አገሮች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከመመረቁ በፊት የኮሌጅ ሰዓት የሚመዘገብበት መንገድ ከተከፈተ ቆይቷል። በአሜሪካ በትምህርት ቤት የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ወስዶ በአገር አቀፍ ፈተና የሚያስመሰክርበት ፕሮግራም የተጀመረው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ሕግ አውጥቶ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በመንግሥት ወጪ ኮሌጅ ገብተው እንዲማሩና ትምህርቱ በሁለቱም ወገን እንዲቆጠርላቸው አደረገ። ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ይህን ፈለግ ተከትለዋል። በ2022/23 እ.ኤ.አ. የትምህርት ዘመን በዚያች አገር በሁለት ቦታ ተመዝግበው የኮሌጅ ትምህርት የወሰዱት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ 2.5 ሚሊዮን ይጠጋሉ። በስኮትላንድ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከትምህርት ቤታቸው ሳይለቁ የኦፕን ዩኒቨርሲቲን ኮርስ በርቀት ይወስዳሉ። በኢንተርኔት መስፋፋት ደግሞ መንገዱ ይበልጥ ሰፍቷል። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶቹን ገና ትምህርት ቤት ላሉ ተማሪዎች ጭምር በኢንተርኔት ከፍቷል። በቅርብ ዓመታት በሠራበት ደንብ ተማሪው ለመጀመር 25 ዶላር ይከፍላል፤ ውጤቱን አይቶ ክሬዲቱ እንዲመዘገብለት ከፈለገ ደግሞ 400 ዶላር ይከፍላል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። 400 ዶላር በሱሉልታ ለሚሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። በዚያው በአሜሪካም ቢሆን ከዕድሉ ተጠቃሚ በመሆን ረገድ የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆችና ጥቁር ተማሪዎች ከሌሎቹ ወደ ኋላ መቅረታቸው በተደጋጋሚ የተመዘገበ ሐቅ ነው። ለምን? በሩ ክፍት መሆኑና ሁሉም በእኩል እርምጃ ወደ በሩ መድረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ ነው። በትምህርት ቤቱ የሚመክር ሰው ያለው፣ የራሱ ኮምፒዩተርና ጸጥታ ያለው ክፍል ያለው፣ ክፍያውን ሳያስብ የሚከፍል ወላጅ ያለው ልጅ ቀድሞ ይገባል። አንድ ዓመት ቀድሞ ይመረቃል፤ አንድ ዓመት ቀድሞ ደመወዝ ይቆጥራል። ጊዜ የነበረው ተጨማሪ ጊዜ ያገኛል ማለት ነው። በብዙኃን ስም የተከፈተ በር፣ ካልተጠነቀቁለት፣ የጥቂቶች መተላለፊያ ሆኖ ይቀራል።

ከታሪካችን የምንማረው

ዩኒቨርሲቲንና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን የማቀራረብ ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ በውጤታቸው የተመረጡ ተማሪዎችን አምጥቶ የ12ኛ ክፍል ትምህርት በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያስተምር ነበር። ከሩቅ አውራጃ የመጣ የገበሬ ልጅ የዩኒቨርሲቲውን አየር ከመግባቱ በፊት ይለማመድ ነበር። ይሁን እንጂ ዕድሉ የደረሰው ለተመረጡ ጥቂቶች ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ ግን አገር አቀፍ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ 11ኛና 12ኛ ክፍል «መሰናዶ» ተባሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት፣ ማለትም «ፍሬሽማን» ተብሎ የሚታወቀው፣ ከዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ ይዘቱ ወደ መሰናዶው ወረደ። አራት ዓመት የነበረው የብዙው ዲግሪ ትምህርት ሦስት ዓመት ሆነ። በሌላ አነጋገር፣ የኢትዮጵያ የመሰናዶ ተማሪ በሙሉ የኮሌጅን የመጀመሪያ ዓመት በትምህርት ቤቱ እንዲማር ተወሰነ። በዓለም ላይ ጥቂት አገሮች የደፈሩት ነገር ነው።

ውጤቱስ? ዓመቱ በወረቀት ላይ ወረደ፤ ከዓመቱ ጋር መውረድ የነበረባቸው ግን አልወረዱም። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ በየወረዳው አልተተከሉም። ለዚያ ደረጃ የሠለጠነ መምህርም በበቂ አልተገኘም። ጉድለቱን ለመሙላት በዚያው ሰሞን በየክፍሉ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተክሎ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ጀመር። በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ የሚያስታውሰው ነው፤ የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቅና መልሱን ሳይጠብቅ ያልፋል። የክፍሉ መምህር በገዛ ክፍሉ ተመልካች ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ይጠፋል፤ መብራት ሲመለስ ያመለጠው አይመለስም። በመጨረሻም በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ።

ከዚህ ጉዞ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛ፣ የኮሌጅን ትምህርት ወደ ትምህርት ቤት ማውረድ በቴክኖሎጂ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በስክሪኑና በተማሪው መካከል የሚጠይቅ፣ የሚመልስ፣ የሚያርም ሰው ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ያ ዓመት ለማንም ተማሪ በግል አልተቆጠረለትም። ተማሪው በርትቶ ቢማርም ባይማርም በእጁ የገባ ክሬዲት አልነበረም። ዓመቱ ከመርሐ ግብሩ ተቀነሰ እንጂ በተማሪው ካርድ ላይ አልተመዘገበም።

ሁለት አቅጣጫ የያዘ መንገድ

ዛሬ የምንገኝበትን ተጨባጭ ሁኔታ ሳንሸሽግ ማየት ያስፈልጋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲፈተኑ፣ ከ896,520 ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይህ 3.3 በመቶ ነው። በተከታዩ ፈተና 3.2 በመቶ ሆነ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶችም ከ1,300 በላይ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ፈተና 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ፈተና ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። መሻሻሉ አይካድም። ነገር ግን ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ተፈታኞች ከግማሽ በታች መሆናቸው ማንንም እንቅልፍ ሊነሣ የሚገባው ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአቅም ማሻሻያ፣ በተለምዶ «ሬሜዲያል» የሚባለው ፕሮግራም ተዘርግቷል። ግማሽ ያላመጡ፣ ግን የተወሰነ ነጥብ ያላቸው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት ለወራት ይከልሳሉ።

እንግዲህ ቅራኔው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ወገን፣ በሌላው ዓለም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የኮሌጅ ትምህርት ይማራል። በሌላ ወገን፣ በእኛ አገር የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ይሰጣል። አንዱ መንገድ ሽቅብ ሲወጣ ሌላው ቁልቁል ይወርዳል።

አንዳንዶች ይህን ተመልክተው፣ «መሠረቱ ሳይጸና ስለ ክሬዲት ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ሬሜዲያል የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በ1919 እ.ኤ.አ. በሩስያ ሠራተኞችንና ገበሬዎችን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጁ የሠራተኞች ፋኩልቲዎች ሲቋቋሙ፣ ዓላማው ሕዝብ የተነፈገውን መሠረት መስጠት ነበር። መሠረት የሌለው ተማሪ መሠረት ያግኝ፤ በዚህ አንከራከርም። በሱሉልታ ሜዳ የሚለማመድ አትሌትም ከአቅሙ በላይ በሆነ ፍጥነት ጀምሮ ሩጫውን አይጨርስም።

ነገር ግን ግማሹ እውነት ሙሉ እውነት አይደለም። በዚያው የፈተና ውጤት ውስጥ በራሳቸው ጥረት ከክፍላቸው ቀድመው የሄዱ ተማሪዎች አሉ። እነዚህ ሁሉ በከተማ በሚገኙ ውድ የግል ትምህርት ቤቶች የሚማሩ አይደሉም። በአባቷ ስልክ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ትምህርቷን ያጠናቀቀችው ልጅ ምስክር ናት። እንዲህ ያለችውን ልጅ «ሌሎቹ እስኪደርሱ ጠብቂ» ማለት ሌሎቹን አያፈጥናቸውም፤ እርሷን ብቻ ያዘገያታል። ያለው ቤተሰብ ልጁን በገንዘቡ ወደ ውጭ አገር ኮርስ ሲያስገባ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ምንጊዜም የሠራተኛው ልጅ ነው።

በእጃችን ያለው

ደግነቱ፣ ከባዶ የምንነሣ አይደለንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ የመረጃ ትንተናና የሞባይል መተግበሪያ ሥልጠና በነጻ ይሰጣል። የሱሉልታዋ ተማሪም የተጠቀመችው በዚሁ ነው። በዚህ የሚገኘው ግን የምስክር ወረቀት እንጂ የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት አይደለም።

ከዚህም በላይ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾኔ ከተባለው የአገር ውስጥ ድርጅት ጋር ሆኖ በከፍተኛ ትምህርት የኢንተርኔት ትምህርትን ለማጠናከር ሲሠራ ቆይቷል። ዕቅዱ 50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን፣ 35,000 መምህራንንና 800,000 ተማሪዎችን ለመድረስ ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ በገዛ አገሩ ኮርሱን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የከፈተውና በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የኢንተርኔት ትምህርት እንዲዘጋጅ የሚያግዘው ዩኒቨርሲቲ አንድ ነው። ስለዚህ ዕውቀቱም፣ ልምዱም፣ መሣሪያውም ከደጃችን ደርሷል። የጎደለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን ታሳቢ ያደረገ አሠራር ነው።

በርቀት በሚሰጥ ትምህርት ላይ ሕዝቡ ጥርጣሬ ቢኖረው አይፈረድበትም። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት ከጥራት ጉድለት የተነሣ የርቀት ትምህርትን እስከ ማገድ ደርሶ እንደ ነበር፣ በኋላም እገዳው እንደ ተነሣ ይታወሳል። ችግሩ ግን ከርቀቱ የመነጨ አልነበረም፤ ከቁጥጥሩ መላላት እንጂ። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በመንግሥት ኃላፊነት ላይ ሳሉ በ1995 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው ነው። ዲግሪው እንዲታመን ያደረገው የተማሪው መቀመጫ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው ጥብቅ ምዘና ነበር።

«የጋራ ተማሪ»

ታዲያ በአንድ ስልክና በሁለት ሰዓት የተወሰነች ልጅ ይህን ሁሉ ብቻዋን ልትወጣው ትችላለች? አትችልም። እንድትወጣውም አይጠበቅባትም። እዚህ ላይ ከሌላ አገር የምንወስደው አንድ ብልህ ተሞክሮ አለ።

በ1964 እ.ኤ.አ. ታላቁ የሒሳብ ሊቅ እስራኤል ጌልፋንድ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ አንድ የደብዳቤ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ዓላማው ከትልልቅ ከተሞች ርቀው በገጠርና በትንንሽ ከተሞች የሚኖሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከፍ ያለ ሒሳብ እንዲማሩ ነበር። ጥያቄው በፖስታ ይላካል፤ መልሱ በፖስታ ይመለሳል፤ የሚያርሙት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ናቸው። በዚህ ትምህርት ቤት «የጋራ ተማሪ» የሚባል አሠራር ነበር። በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች በአንድ መምህር መሪነት ተሰባስበው፣ ጥያቄውን አብረው ሠርተው፣ እንደ አንድ ተማሪ አንድ መልስ ይልካሉ። ብቻውን የማይችለው ከጓደኞቹ ጋር ይችላል፤ የገባው ላልገባው ያስረዳል።

ይህ ለእኛ ሕዝብ እንግዳ ነው? ደቦንና ጅጊን ለሚያውቅ ሕዝብ እንዴት እንግዳ ይሆናል! በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ትምህርቱ የተሰጠው በየቀበሌው አዳራሽ፣ በየዛፉ ሥር ነበር። ሸማኔው ከልጁ ጋር፣ እናት ከጎረቤቷ ጋር አንድ ሰሌዳ ተካፍለው ተምረዋል። በዘመቻው ትምህርቱ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች እስከ መሰጠት ደርሷል። ያን ጊዜ የቀበሌ አዳራሽ ፊደል ያስቆጠረ ከሆነ፣ ዛሬ ኮምፒዩተር የማያስተምርበት ምክንያት የለም።

በዚህ መሠረት ሦስት ተግባራት ከፊታችን ይታዩናል።

አንደኛው የነዋሪውና የሠራተኛው ነው። አብዛኛውን ቀን ተቆልፎ የሚውለው አዳራሽ በሳምንት ጥቂት ምሽቶች ለተማሪ ይከፈት። የፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበር አሠሪው የተካቸውን አሮጌ ኮምፒዩተሮች ጠይቆ ያስጠግን። ትምህርቱ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት በሌለበትም ሊታይ ስለሚችል፣ የአንድ ቤት ወጪ የሃያ ቤት መማሪያ ይሆናል። ወላጆችም የሴት ልጆቻቸውን ሰዓት ይጠብቁላቸው። ወንድሟ ሲያጠና እርሷ እንጀራ የምትጋግር ከሆነ፣ የትኛውም ቴክኖሎጂ እኩል አያደርጋቸውም።

ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ ነው። ቡድኑን የሚመራ አንድ መምህር ይመደብ፤ የተጨማሪ ሥራው ዋጋም ይታሰብለት። የሚገቡት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ትምህርታቸውን በሚገባ የያዙ ተማሪዎች ይሁኑ። የሚቸገረው ተማሪ ደግሞ በዚያው አዳራሽ መሠረቱን ያጠናክር። አዳራሹ ለሁለቱም ይበቃል፤ እንዲያውም የቀደመው የኋለኛውን ቢያስጠና ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ሦስተኛውና ዋነኛው የትምህርት ሚኒስቴርና የዩኒቨርሲቲዎች ነው። ከፍሬሽማን ኮርሶች መካከል ቤተ ሙከራ የማይጠይቁ አሉ፤ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሥነ ልቦና፣ ሎጂክና ሒሳዊ አስተሳሰብ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ከእነዚህ አንድ ወይም ሁለቱ በኢንተርኔት ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ቢከፈቱ፣ ተማሪው በአካል ቀርቦ መታወቂያውን አሳይቶ ቢፈተን፣ ካለፈም ክሬዲቱ ተመዝግቦ በየትኛውም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቢቆጠርለት፣ የጥራት ሥጋቱም ይወገዳል፣ ልፋቱም ዋጋ ያገኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠቱ ነገሩ ከአቅማችን በላይ እንዳልሆነ ያሳያል። ለፈተናው የሚጠየቀው ክፍያ ግን የሠራተኛውን ልጅ ከበር የሚመልስ መሆን የለበትም። ይህ ካልሆነ ያወገዝነውን ልዩነት በገዛ እጃችን እንተክላለን።

ጥቅሙ የተማሪው ብቻ አይደለም። በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የትምህርቱን ወጪ ከፊል ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። የቀለለ እያንዳንዱ ኮርስ በዕዳው ላይ የሚቀንሰው ቢኖር ለቤተሰብ እፎይታ ነው፤ ባይቀንስ እንኳ ለሚከብደው ትምህርት የሚተርፍ ጊዜ ነው። አገርም በአንድ ወንበር ብዙ ተማሪ ታስተምራለች።

ከሱሉልታ ከመመለሳችን በፊት ለአባት የሚገባቸውን መልስ ሰጠናቸው። «ዛሬ አይቆጠርላትም» አልናቸው። ከዚህ ሌላ ብንል እናታልላቸው ነበር። ዕውቀቱ ግን ከእርሷ ጋር እንደሚቀር፣ ወደፊት በሩ ሲከፈት ዝግጁ ሆና እንደምትገኝ አስረዳናቸው።

አባት ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንዲቆጠርላት የሚጠየቀው ማን ነው? ንገሩኝና እኔ ልጠይቅ» አሉን።

12 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ልጅቱ አዲስ የጀመረችውን ትምህርት አቋርጣ ስልኩን ለአባቷ ሰጠች። እርሳቸውም ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ፈረቃቸው ወጡ።

አባት የጠየቁን ጥያቄ የእርሳቸው ብቻ ሆኖ እንዲቀር አንፈልግም። በየቀበሌው ስብሰባ፣ በየሠራተኛ ማኅበሩ ጉባኤ፣ በየወላጅና መምህር ኮሚቴው ይነሣ። የሠራተኛ ላብ በሰዓት ካርድ እንዲመዘገብ የታገለው ሠራተኛው ራሱ ነው። የልጁም የጥናት ሰዓት እንዲመዘገብ መጠየቅ ያለበት እርሱ ነው።